በደመወዝ ተቀናሽ የቤት ኮምፒውተር ግዢ

በደመወዝ ተቀናሽ የቤት ኮምፒውተር ግዢ ተቀጣሪ ሠራተኛ ኮምፒውተሩን አስቀድሞ ተረክቦ ዋጋውን በየወሩ ከደመወዙ እየተቀነሰ የሚከፍልበት የግዢ ዓይነት ነው። ገንዘቡን የሚያቀርበው አሠሪው፣ የሠራተኞች የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ባንክ ወይም ሻጩ ራሱ ሊሆን ይችላል። ከተራ ዱቤ የሚለየው ክፍያው በሠራተኛው እጅ ሳይገባ በመሥሪያ ቤቱ የሒሳብ ክፍል በኩል በቀጥታ የሚተላለፍ መሆኑ ነው። ስለዚህ የዕዳው ዋና መያዣ ኮምፒውተሩ ሳይሆን ወርኃዊው ደመወዝ ነው።

በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች አሠራሩ በመንግሥት የግብር ቅናሽ የተደገፈ ፕሮግራም ነበር። በኢትዮጵያ የተለመደው መንገድ ግን የሠራተኞች ቁጠባና ብድር ማኅበር ብድር ሲሆን፣ ቅነሳውም የሚደረገው ግብርና የጡረታ መዋጮ ከተነሣ በኋላ ከሚቀረው ደመወዝ ላይ ነው። በአዲስ አበባ ምዕራብ እንደሚገኘው እንደ ኮልፌ ቀራንዮ ባሉ ክፍለ ከተሞች ኮምፒውተር ወደ ቤት የሚገባበት መንገድ በአብዛኛው የሚወሰነው የቤተሰቡ አባል በአንድ መሥሪያ ቤት የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር (በተለምዶ ፔሮል) ላይ ስሙ በመኖሩ ወይም ባለመኖሩ ነው።

ዓይነቶች

በአሠሪ አማካይነት የሚደረግ ግዢ በአጠቃላይ በሦስት ይከፈላል።

የመጀመሪያው ደመወዝን አሳልፎ የመስጠት ስምምነት ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ የተወሰነውን ክፍል ትቶ በምትኩ ኮምፒውተር ይቀበላል። የተተወው ክፍል ግብር ሳይታሰብበት ስለሚነሣ ሠራተኛው የሚከፍለው ግብር ይቀንሳል። የስዊድንና የብሪታንያ ፕሮግራሞች በዚህ ላይ የተመሠረቱ ነበሩ።

ሁለተኛው ከተጣራ ደመወዝ የሚደረግ ቅነሳ ነው። ሠራተኛው ግብሩን ከፍሎ ከሚቀረው ላይ ብድሩን ይመልሳል። የግብር ጥቅም የለውም። የሚያስገኘው ጥቅም ብድር የማግኘት ዕድል፣ ዝቅ ያለ ወለድና ረዘም ያለ የመክፈያ ጊዜ ነው። በኢትዮጵያ የሚሠራበት ይኸኛው ነው።

ሦስተኛው በውሰት የሚሰጥ ኮምፒውተር ነው። ንብረቱ የመሥሪያ ቤቱ ሆኖ ሠራተኛው በቤቱ እንዲገለገልበት ይሰጠዋል። ሥራ ሲለቅ ይመልሳል፤ አንዳንድ ጊዜም በቀረው ዋጋ እንዲገዛው ይፈቀድለታል። ይህ በትክክለኛ ትርጉሙ ግዢ ባይሆንም ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው ዓይነት ጋር ይደባለቃል። ልዩነቱ የሚታየው ዕቃው ሲሰረቅ ወይም ሲበላሽ ነው። ለሠራተኛው በተሸጠ ዕቃ ላይ ጉዳቱ የሠራተኛው ሲሆን፣ በውሰት በተሰጠው ላይ ግን ኃላፊነቱ የሚወሰነው በርክክብ ሰነዱ ላይ በተጻፈው ነው።

ታሪክ

በሌሎች አገሮች

የቤት ኮምፒውተርን በአሠሪ በኩል ማዳረስ በስፋት የተጀመረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ አሠሪዎች ለሠራተኞቻቸው የሚያቀርቡትን የቤት ኮምፒውተር ከግብር ነፃ አደረገች። ዕድሉ ለጥቂት ኃላፊዎች ብቻ ሳይሆን ለሠራተኛው ሁሉ ክፍት እንዲሆን ይጠበቅ ነበር። ኔዘርላንድም በዚያው ዘመን ተመሳሳይ ፕሮግራም ነበራት፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2004 አቆመችው።

ብሪታንያ በ1999 ባወጣችው የፋይናንስ ሕግ አሠሪዎች ለሠራተኞቻቸው የሚያውሱት ኮምፒውተር፣ ዓመታዊ ጥቅሙ ከ500 ፓውንድ እስካልበለጠ ድረስ፣ ግብር እንዳይታሰብበት ፈቀደች። ሠራተኛው ብዙውን ጊዜ ለሦስት ዓመት ያህል ከደመወዙ እየተቀነሰ ከቆየ በኋላ ኮምፒውተሩን በአነስተኛ ዋጋ የራሱ ያደርግ ነበር። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2006 ጀምሮ ለአዲስ ገቢዎች ተዘጋ። የእንደዚህ ዓይነት ፕሮግራሞች መሠረታዊ ድክመት ጥቅሙ በግብር መጠን የሚለካ መሆኑ ነው። ከፍተኛ ግብር የሚከፍል ሠራተኛ ብዙ ሲቆጥብ፣ ዝቅተኛ ደመወዝ ያለው ጥቂት ይቆጥባል፤ ሥራ የሌለው ደግሞ ምንም አያገኝም።

በአሜሪካ ጉዳዩ በመንግሥት ሳይሆን በኩባንያዎች ተያዘ። ፎርድ የመኪና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 በመላው ዓለም ላሉት 350,000 ገደማ ሠራተኞቹ ኮምፒውተር፣ ማተሚያና የኢንተርኔት አገልግሎት በወር 5 ዶላር እንደሚያቀርብ አስታወቀ።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የደመወዝ ተቀናሽ ብድር ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው። ዘመናዊ የቁጠባና ብድር ማኅበራት በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ ባሉ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች ተጀምረዋል፤ ከቀደምቶቹ መካከል የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች ማኅበር ይጠቀሳል። አባላቱ በየወሩ ከደመወዛቸው እየቆጠቡ ለቤት መሥሪያ፣ ለሠርግ፣ ለሕክምና፣ ለልጆች ትምህርትና ለቤት ዕቃ ይበደሩ ነበር። ኮምፒውተር ወደዚህ ዝርዝር የገባው ዘግይቶ ነው፤ የገባውም ቀድሞ ማቀዝቀዣና ቴሌቪዥን በሚገዛበት በዚያው የብድር መንገድ ነው።

የማኅበራቱ ሕጋዊ መሠረት በየዘመኑ ተለዋውጧል። እ.ኤ.አ. በ1966 አዋጅ ቁጥር 241፣ በደርግ ዘመን አዋጅ ቁጥር 138/1970፣ ከዚያም አዋጅ ቁጥር 147/1991 ወጥተዋል። በመጨረሻው አዋጅ ቦታ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ተተክቷል።

ኮምፒውተር በቤት ውስጥ ተፈላጊ እንዲሆን ያደረጉት ነገሮች ቀስ በቀስ የመጡ ናቸው። ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት የዋለው በ1989 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ በመካተቱ አማርኛን በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ በአንድ ወጥ ደረጃ መጻፍ ተቻለ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ትምህርቱን በቤታቸው በኮምፒውተር የተከታተሉና ያልተከታተሉ ተማሪዎች ልዩነት ጎልቶ ታየ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተፈታኞች በኮምፒውተር መሰጠት ጀመረ። በዚሁ ዓመት ሐምሌ ወር ይፋ የሆነው የ«5 ሚሊዮን ኮደሮች» መርሐ ግብርም ሥልጠናውን የሚሰጠው በኢንተርኔት ነው።

አሠራር

በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች የተለመደው ሂደት የሚጀምረው በቁጠባ ነው። ሠራተኛው የማኅበሩ አባል ሆኖ የመመዝገቢያና የዕጣ ክፍያ ከፈጸመ በኋላ በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ይቆጥባል። በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ የተወሰነውን ያህል ወር ሲቆጥብ የመበደር መብት ያገኛል። የብድሩ ጣሪያ አብዛኛውን ጊዜ በተቆጠበው ገንዘብ ይለካል፤ የቁጠባው ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ማበደር የተለመደ ነው።

ብድር ጠያቂው ከኮምፒውተር መደብር የዋጋ ማቅረቢያ (ፕሮፎርማ) ያመጣል። የማኅበሩ የብድር ኮሚቴ የአባሉን ቁጠባ፣ ደመወዙን፣ ያሉበትን ሌሎች ቅነሳዎችና ዋሶቹን አይቶ ይወስናል። ብድሩ ሲፈቀድ ገንዘቡ ለተበዳሪው ወይም በቀጥታ ለሻጩ በቼክ ይከፈላል። ቀጥሎ ማኅበሩ የቅነሳውን መጠንና የመጀመሪያውን ወር ለመሥሪያ ቤቱ የሒሳብ ክፍል በደብዳቤ ያሳውቃል። ከዚያ ወር ጀምሮ ገንዘቡ በደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩ ላይ በተቀናሽ ዓምድ ሥር ይታያል።

ዋስ ብዙውን ጊዜ የሥራ ባልደረባ ነው። የዋስትና ውሉ ዋሱ ከተበዳሪው ጋር «በአንድነትና በነጠላ» ኃላፊ እንዲሆን ካደረገ፣ ተበዳሪው ባይከፍል ማኅበሩ በቀጥታ ወደ ዋሱ ደመወዝ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ቢሮ ውስጥ የሚገኙ ሠራተኞች እርስ በርስ ዋስ ሲሆኑ የአንዱ ሥራ መልቀቅ የሌላውን የወር ገቢ ይነካል።

ሻጩ በዚህ መንገድ መሥራቱን የሚወደው ገንዘቡን አንድ ጊዜ ስለሚያገኝ ነው። በየሱቁ ግድግዳ ላይ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ነው» የሚል ጽሑፍ የሚለጠፈው ነጋዴው የማያውቀውን ሰው ዕዳ ተከታትሎ ማስከፈል ስለማይችል ነው። በደመወዝ ተቀናሽ ግዢ ግን የመከታተሉ ሥራ ከነጋዴው ትከሻ ወርዶ ወደ ሒሳብ ክፍሉ ይሸጋገራል።

ሕግ

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 መሠረት አሠሪ ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ መቀነስ የሚችለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ በሰጠው ስምምነት ሲሆን ብቻ ነው። ለኮምፒውተር ግዢ የሚደረግ ቅነሳ የሚቆመው በመጨረሻው ላይ ነው፤ ስለዚህ የሠራተኛው ፊርማ ያለበት ጽሑፍ ያስፈልጋል። በቃል የተደረገ ስምምነት በቂ አይደለም።

ይኸው አንቀጽ በአንድ ጊዜ ከደመወዙ የሚቀነሰው ጠቅላላ ገንዘብ በማናቸውም ሁኔታ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ሠራተኛው ራሱ ቢስማማ እንኳ ጣሪያው አይነሣም። ሕጉ «ደመወዝ» ሲል መደበኛውን ክፍያ ማለቱ ነው፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የውሎ አበል፣ የመጓጓዣ አበል፣ ጉርሻና ኮሚሽን በአንቀጽ 53 መሠረት በደመወዝ አይቆጠሩም። ስለዚህ ከአበል ጋር ዳጎስ ያለ ገንዘብ ወደ ቤቱ የሚያስገባ ሠራተኛ መደበኛ ደመወዙ ዝቅተኛ ከሆነ የመበደር አቅሙም ዝቅተኛ ይሆናል። አዋጁ የማይመለከታቸውን የመንግሥት ሠራተኞች በሚመለከት፣ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የአንድ ሦስተኛውን ጣሪያ ደንግጎ ነበር።

አሠሪው ከገንዘብ ይልቅ ኮምፒውተሩን እንደ ደመወዝ ክፍል አድርጎ ለመስጠት ቢያስብ ሌላ ድንጋጌ ይመለከተዋል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 55 መሠረት ደመወዝ የሚከፈለው በጥሬ ገንዘብ ነው። በዓይነት መክፈል የሚቻለው ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙ ሲሆን፣ የዕቃው ግምት በአካባቢው ካለው የገበያ ዋጋ ወይም በገንዘብ ከሚከፈለው ደመወዝ 30 በመቶ መብለጥ የለበትም።

በግብር በኩል፣ አሠሪ ለሠራተኛው ከገበያው ባነሰ ወለድ የሚሰጠው ብድር በፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 እና አዋጁን ለማስፈጸም በወጣው ደንብ ቁጥር 410/2009 በዓይነት ከሚገኙ ጥቅሞች አንዱ ሆኖ ይታያል። ይህም ከብሪታንያውና ከስዊድኑ አሠራር ተቃራኒ ነው፤ በእነዚያ አገሮች ኮምፒውተሩ ግብር ይቀንስ ነበር፣ እዚህ ግን የወለድ ቅናሹ ራሱ ግብር ሊታሰብበት የሚችል ጥቅም ነው።

ተገዝቶ የተገኘው ዕቃ ጉድለት ካለበት፣ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ተሰጥቶታል። ለዚህ ደረሰኝ መያዝ አስፈላጊ ነው። ኮምፒውተሩ መበላሸቱ ግን ከማኅበሩ የተወሰደውን ብድር አያቆመውም፤ የሽያጭ ውሉና የብድር ውሉ ሁለት የተለያዩ ውሎች ናቸው።

የስሌት ምሳሌ

የሚከተለው አሠራሩን ለማሳየት የቀረበ ምናባዊ ስሌት ነው። የአንድ ሠራተኛ መደበኛ የወር ደመወዝ 12,000 ብር ቢሆን የቅነሳው ጣሪያ 4,000 ብር ነው። ሠራተኛው ቀደም ሲል በወሰደው ብድር ምክንያት በወር 2,200 ብር የሚቀነስበት ከሆነ ለኮምፒውተሩ የሚቀረው ቦታ 1,800 ብር ብቻ ነው።

ኮምፒውተሩ 36,000 ብር ቢሆንና ብድሩ በ24 ወር የሚመለስ፣ ወለዱም በዓመት 12 በመቶ ቢሆን፣ ክፍያው እንደ ወለዱ አቆጣጠር ይለያያል። ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ ከታሰበ ወርኃዊው ክፍያ ወደ 1,695 ብር ይሆናል፤ በጠቅላላው የሚከፈለው ወለድም ወደ 4,670 ብር ነው። ወለዱ እስከ መጨረሻው በመጀመሪያው 36,000 ብር ላይ ከታሰበ ግን ጠቅላላ ወለዱ 8,640 ብር፣ ወርኃዊው ክፍያ ደግሞ 1,860 ብር ይሆናል። ሁለቱም «12 በመቶ» ተብለው ይጠራሉ። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ለዚህ ሠራተኛ ከተረፈው 1,800 ብር በታች ሲሆን ሁለተኛው ከጣሪያው ያልፋል። በዚህ ምክንያት በብድር ውል ላይ የወለዱ መቶኛ ብቻ ሳይሆን የሚታሰብበት መንገድና በየወሩ የሚቀነሰው ገንዘብ መጠን መጻፉ ወሳኝ ነው።

የዋጋ ንረትና የምንዛሪ ለውጥ

በኢትዮጵያ ገበያ የሚሸጡ ኮምፒውተሮች ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው ዋጋቸው ከውጭ ምንዛሪ ጋር ይወጣል፤ ደመወዝ ግን በብር ተወስኖ ይቆያል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከዚያ በፊት ኮምፒውተር ለመግዛት ጥሬ ገንዘብ ሲያጠራቅም የቆየ ሰው ዋጋው ከእጁ አመለጠው። ከለውጡ በፊት በብድር የገዛ ሠራተኛ ደግሞ ዕቃውን በአሮጌው ዋጋ ይዞ ዕዳውን በብር መክፈሉን ቀጠለ።

የደመወዝ ተቀናሽ ግዢ ወለድ እየተከፈለበትም ተፈላጊ ሆኖ የሚቆይበት ዋና ምክንያት ይህ ነው። የዋጋ ንረቱ ከወለዱ ሲበልጥ ዕዳው በእውነተኛ ዋጋው እየቀለለ ይሄዳል። ይህ ግን የሚጠቅመው ደመወዙ እየተስተካከለ ለሚሄድ ሠራተኛ ነው። ደመወዙ ባለበት ቆሞ የአስቤዛው፣ የቤት ኪራዩና የትራንስፖርቱ ዋጋ ሲጨምር፣ ሁለት ዓመት የሚዘልቅ ቅነሳ የወሩን ኑሮ ያጠብባል። ለማኅበሩ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በዝቅተኛ ወለድ ያበደረው የአባላት ቁጠባ ሲመለስ የሚገዛው ዕቃ ያነሰ ስለሚሆን፣ የተበዳሪው ጥቅም የማይበደረው ቆጣቢ ጉዳት ይሆናል።

የባንክ ብድርም የራሱ ጠባይ አለው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የንግድ ባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር፤ ጣሪያው በኋላ ወደ 18 በመቶ ከፍ ተደርጓል። የሚያበድሩት ገንዘብ የተወሰነ ባንኮች ለቤት ዕቃ የሚሰጥ አነስተኛ ብድርን ማስቀደማቸው አይጠበቅም። የቁጠባና ብድር ማኅበራት ግን የሚያበድሩት ከአባላቱ የተሰበሰበውን ገንዘብ ነው።

በኮልፌ ቀራንዮ

ኮልፌ ቀራንዮ በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል የሚገኝ ክፍለ ከተማ ሲሆን ከጉለሌ፣ ከአዲስ ከተማ፣ ከልደታና ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ጋር ይዋሰናል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 428,895 ነዋሪዎች ነበሩት፤ ይህም በወቅቱ ከነበሩት አሥር ክፍለ ከተሞች ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ኮልፌ፣ አጠና ተራ፣ አየር ጤና፣ ቤተል፣ ዘነበወርቅ፣ ረጲ፣ ቀራንዮና ሚኪሊላንድ ከታወቁት ሰፈሮቹ መካከል ናቸው።

በክፍለ ከተማው ሁለት ዓይነት የገቢ ምንጮች ጎን ለጎን ይኖራሉ። በአንድ በኩል ደመወዝተኛው አለ። እ.ኤ.አ. በ1965 በዘነበወርቅ የተመሠረተው የአለርት ሆስፒታል፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች፣ የወረዳና የክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤቶች ሠራተኞች በየወሩ በፔሮል ይከፈላቸዋል። ከሰፈሩ ወጥተው በመሀል ከተማ በባንክ፣ በመሥሪያ ቤትና በፋብሪካ የሚሠሩም ብዙ ናቸው። በሌላ በኩል በአጠና ተራና በአካባቢው ገበያዎች የሚነግዱ፣ በግንባታ የቀን ሥራ የሚሠሩ፣ በታክሲ ሾፌርነትና ረዳትነት፣ በጥበቃና በቤት ውስጥ ሥራ የሚተዳደሩ ነዋሪዎች አሉ። አንድ ነጋዴ በወር የሚያገኘው ከአንድ መምህር ሊበልጥ ይችላል። ሆኖም መምህሩ በፔሮል ላይ ያለ ስም ስላለው ለኮምፒውተር ብድር የሚቀርበው እሱ ነው።

ለገበያው ግን ክፍለ ከተማው ቅርብ ነው። በስተምሥራቅ በሚዋሰነው አዲስ ከተማ ውስጥ ያለው መርካቶ አዲስም ያገለገለም ኮምፒውተር የሚገዛበት ነው። ያገለገሉ ላፕቶፖች ዋጋቸው ዝቅ ስለሚል በብዙ ቤተሰቦች ይመረጣሉ። ለብድር ኮሚቴ ግን ሕጋዊ ፕሮፎርማና የተጨማሪ እሴት ታክስ ደረሰኝ ማቅረብ የሚችለው የተመዘገበ ነጋዴ ስለሆነ፣ በብድር የሚገዛው ዕቃ በእጅ በእጅ ከሚገኘው ብዙ ጊዜ ይወደዳል፤ ታክሱ ብቻውን 15 በመቶ ነው።

ግዢው በኮምፒውተሩ ዋጋ አያበቃም። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ዴስክቶፕ የሚገዛ ሰው መጠባበቂያ ባትሪና የኃይል ማመጣጠኛ (ስታብላይዘር) ያስፈልገዋል፤ ላፕቶፕ ተመራጭ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ባትሪ ያለው መሆኑ ነው። የኢንተርኔት ወርኃዊ ክፍያም በብድሩ ውስጥ አይካተትም። ከተጣራ ደመወዙ ላይ ቅነሳው ከተነሣ በኋላ ለእነዚህ የሚተርፍ ገንዘብ ከሌለ ኮምፒውተሩ ከጽሕፈት መኪና የተሻለ አገልግሎት አይሰጥም።

ደመወዝ ለሌላቸው ያሉ አማራጮች

በፔሮል ላይ ለሌሉ ቤተሰቦች የቀረበው መንገድ ዕቁብ ነው። የዕቁብ አባላት በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እኩል ገንዘብ ያዋጣሉ፤ የተሰበሰበው ሁሉ በዕጣ ለአንዱ ይሰጣል፤ ሁሉም እስኪደርሰው ይቀጥላል። ዕጣ የወጣለት ዋስ ጠርቶ ገንዘቡን ይወስዳል። ዕቁብ ወለድ የለውም፣ የአሠሪ ደብዳቤም አይጠይቅም። ጊዜውን ግን ዕጣ ይወስነዋል፤ ለመስከረም ትምህርት መክፈቻ የተፈለገ ኮምፒውተር በግንቦት ሊደርስ ይችላል። በዕቁቡ ዳኛ ፈቃድ ዕጣን መለዋወጥ ወይም መሸጥ የተለመደ መፍትሔ ነው።

ሁለተኛው አማራጭ በመኖሪያ አካባቢ የተመሠረተ የቁጠባና ብድር ማኅበር ነው። አሠሪ ስለሌለ ክፍያው በአባሉ እጅ ይፈጸማል፤ በደመወዝ ፋንታም ቁጠባው፣ ዋሱና የጎረቤት ትውውቁ መያዣ ይሆናሉ።

ሦስተኛው በስልክ የሚገኝ ብድር ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር የጀመራቸው «ቴሌብር መላ» እና «ቴሌብር እንደኪሴ» ያለ ንብረት መያዣ አነስተኛ ገንዘብ ያበድራሉ። ዳሸን ባንክ «ዱቤ አለ» በሚል ስም ዕቃ ወስዶ ቀስ በቀስ የሚከፈልበት አገልግሎትም አለው። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ከቤትና ከመኪና ውጭ ያሉ ንብረቶች በመያዣነት እንዲመዘገቡ መንገድ ከፍቷል።

ሥራ ሲቋረጥ

የአሠራሩ ደካማ ቦታ የሥራ ውል የሚቋረጥበት ቀን ነው። ሠራተኛው ሲለቅ ፔሮሉ ይቋረጣል፤ ዕዳው ግን ይቀራል። መሥሪያ ቤቶች የመልቀቂያ ደብዳቤና የሥራ ልምድ ማስረጃ ከመስጠታቸው በፊት ከቁጠባና ብድር ማኅበሩ ጭምር ዕዳ እንደሌለ የሚገልጽ ማረጋገጫ (ክሊራንስ) መጠየቃቸው የተለመደ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውሉ የተቋረጠ ሠራተኛ ሒሳቡ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ሊከፈለው ይገባል። ሠራተኛው ከአሠሪው የተረከበውን ንብረት ወይም የሚፈለግበትን ገንዘብ በራሱ ጥፋት ሳይመልስ ከቆየ ግን ጊዜው ሊራዘም ይችላል። በማኅበሩ በኩል በአብዛኛው መጀመሪያ የሚነካው የአባሉ የራሱ ቁጠባ ነው፤ ቁጠባው ዕዳውን ካልሸፈነ ወደ ዋሶቹ ይኬዳል። ተበዳሪው ቢሞት ዕዳው በዋሶችና በቤተሰብ ላይ እንዳይወድቅ የብድር ሕይወት መድን የሚገቡ ማኅበራት አሉ።

የኮምፒውተር ዋጋ በየዓመቱ ስለሚወርድ ሥራው በመካከል ሲቋረጥ ዕቃውን ሸጦ ቀሪውን ዕዳ መሸፈን ሁልጊዜ አይቻልም። የመክፈያው ጊዜ በረዘመ ቁጥር ወርኃዊው ቅነሳ ይቀልላል፤ ነገር ግን ዕዳው ከዕቃው ዋጋ በልጦ የሚቆይበት ጊዜም ይረዝማል። ለጊዜያዊ ወይም ለፕሮጀክት ሠራተኛ የሚሰጥ ብድር ከቀሪው የሥራ ውል ዘመን እንዳያልፍ የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የሥራ ውላቸው አጭር የሆነ ሠራተኞች፣ ደመወዛቸው ከቋሚ ባልደረቦቻቸው ጋር እኩል ቢሆንም እንኳ፣ ብድሩን በአጭር ጊዜ ስለሚመልሱ በየወሩ የሚቀነስባቸው ይበዛል፤ የአንድ ሦስተኛው ጣሪያም ቀድሞ ይደርስባቸዋል።